እትዬ ደብሬና የተሰፋው ጆንያ

«ደብሬ ዐረፈች» አለችኝ እናቴ በስልክ፤ ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም። ወዲያው ከአፌ የወጣው ቃል እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። «የትኛዋ ደብሬ?» አልኳት። በዕድሜዬ ያወቅኋቸው ደብሬ አንድ ብቻ ናቸው፤ እህል በረንዳ ከእናቴ የምስርና የአተር መደብ አጠገብ የስንዴና የበቆሎ መጋዘን የነበራቸው፣ ሠራተኛ ሲጠሩ ድምፃቸው ከጭነት መኪና ጥሩምባ በላይ የሚሰማው እትዬ ደብሬ። ሌላ ደብሬ እንዲኖር ፈልጌ ይመስለኛል የጠየቅሁት።

«በምን ምክንያት?» አልኳት። ከጀርባዋ ተሸካሚዎች መንገድ ሲያስለቅቁ ይሰማኛል፤ ለካ መርዶውን የሰማችው እዚያው መደቧ ላይ ተቀምጣ ነው።

«በዚያ በሽታ» አለች።

«በየትኛው?»

«እኛን ሁሉ ጎትታ ባስመረመረችን ነዋ።»

እሷ ዘግታው እኔ ስልኩን ገና ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነበርኩ። የማኅፀን በር ካንሰር ማለቷ ነው። ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። በእህል በረንዳ ዙሪያ ከሚነግዱት ሴቶች መካከል በዚህ በሽታ አትሞትም ተብሎ የሚማልላት አንዲት ሴት ትጠራ ቢባል፣ ሁሉም የሚጠራው የእሳቸውን ስም ነው። ከዓመታት በፊት ተመርምረው፣ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችል የነበረው ነገር ገና ሳይደርስ ተገኝቶባቸው፣ ታክመው የዳኑት እሳቸው ናቸው። የገበያውን ሴቶች አንድ በአንድ ጤና ጣቢያ የወሰዱትም እሳቸው ናቸው። ሰው የዳነበት በሽታ ተመልሶ ሲገድለው ድንጋጤው ከሐዘኑ ይቀድማል። ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ እስክደርስ ድረስ ማዘን አልጀመርኩም ነበር፤ ደንግጬ ብቻ ነበር።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ስነሳ አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ አንድ ምስክር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ተምሬአለሁ። እዚህ ግን ምስክሩ እኔው ነኝ። ይህ ምስክር ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ኋላ ላይ ይታያል።

እትዬ ደብሬ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ከራሳቸው ላይ ጥቁር ሻሽ የማይለይ ሴት ነበሩ። ጥቁር ነው ብዬ እጽፋለሁ እንጂ እናቴ ሻሹ አረንጓዴ ነበር ትላለች። መቀነታቸው ላይ የሚሰኩትን ብረት ግን ሁለታችንም እኩል እናስታውሰዋለን፤ ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ የተቦረቦረ፣ ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ የእህል መውጊያ። ጆንያ ሲቀርብላቸው ብረቱን ጎኑ ላይ ሸጥ ያደርጉትና በሆዱ በኩል የሚወርደውን ስንዴ በመዳፋቸው ይቀበላሉ። እፍ ይሉበታል። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ቀርጠፍ ያደርጓታል። ከዚያ ቀና ብለው የሚያዩት ግን ስንዴውን ሳይሆን የሻጩን ፊት ነበር።

«ስንዴው ምን ያውቃል» ይሉ ነበር፤ «የሚዋሸው ባለቤቱ ነው።»

በዚያ ገበያ ልማድ የጆንያው ቃል እፍኙ ነው። እፍኙ ውስጥ ነቀዝ ከተገኘ ጆንያው በሙሉ ይመለሳል፤ ከሥር ያለው ምን ይምሰል ምን፣ የሚከራከር የለም። እፍኙ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል፣ የጆንያው አፍ በትልቁ መርፌና በሲባጎ ይሰፋል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ታይቶ የተሰፋ ጆንያ ሁለተኛ አይወጋም። ፍቱልኝ ማለት ባለቤቱን ሌባ ብሎ መስደብ ነው። እትዬ ደብሬ በዚህ ልማድ ላይ የነበራቸው ጽናት ከሌሎቹ ነጋዴዎች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስንዴ ሲሸጡም ሲገዙም ያው ናቸው፤ አንዴ ራሳቸውን ከነቀነቁ በኋላ ከከሰሩም ከስረው ይቀራሉ እንጂ ወደዚያ ጆንያ አይመለሱም።

አንድ ጊዜ ከአዳማ የመጣ ነጋዴ፣ መኪናው ተጭኖ ካበቃ በኋላ፣ ከጆንያዎቹ አንዱን አውርዳችሁ ፍቱልኝ አለ።

«ቅድም አላየኸውም?» አሉት።

«አይቻለሁ። ልቤ ጠረጠረ እንጂ።»

«ልብህን ሐኪም ጋ ወስደህ አሳየው። ስንዴዬን ግን አውርዱልኝ።»

ሁሉንም አስወረዱ። ሰውየው ለመነ፣ ደላላው መሐል ገባ፣ እሳቸው ወይ ፍንክች። «ሰርጉ ካለቀ በኋላ ሙሽራዋን መልሳችሁ አሳዩኝ ይባላል እንዴ?» ሲሉ ተሸካሚዎቹ ከነጆንያቸው ቆመው ሳቁ። በእኔ ትዝታ ሰውየው ባዶ መኪናውን ይዞ ሄዷል። እናቴ ግን ይቅርታ ጠይቆ ከነጭነቱ ነው የሄደው ትላለች። የትኛችን ትክክል እንደሆንን አላውቅም። ሳቁን ግን አሁንም እሰማዋለሁ፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

የምርመራ ወረቀታቸውን ያመጡልኝ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ በምፈልግበት ወራት ነበር፤ እሳቸው ያን ጊዜ በዐርባዎቹ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ቀደም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ገበያው መጥተው ነጋዴ ሴቶችን ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጠርተዋል። እትዬ ደብሬ የሄዱት አሟቸው ሳይሆን፣ በራሳቸው አነጋገር፣ «ልጅቷ በፀሐይ ስትለምነኝ አሳዝናኝ» ነው። ናሙና ሰጥተው ተመለሱ፤ ረሱትም። ከዚያ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ።

«ተማሪው» አሉኝ መደባችን ጋ ቆመው። ከተመረቅሁም በኋላ ለእሳቸው ስሜ ተማሪው ነበር። «ና እስቲ አንብብልኝ። ካነበብክ በኋላ ግን እርሳው።»

«ምንድን ነው እትዬ ደብሬ?»

«የሴት ነገር ነው። ዓይንህ ይየው፣ አንተ አትየው።»

ወረቀቱ አጭር ነበር። በናሙናው ውስጥ ቫይረስ እንደተገኘ፣ ውጤቱም ከጤናማው የተለየ እንደሆነ፣ ስለዚህ ለተጨማሪ ምርመራ መመለስ እንዳለባቸው ይናገራል። እንዳለ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ በላይ የማውቀው እንደሌለም ነገርኳቸው።

«ከጤናማው የተለየ» ብለው ደገሙት። ቀጥለው ያደረጉት ነገር ከፊቴ አይጠፋም። ብረቱን ከመቀነታቸው መዘዙና በእናቴ ምስር ላይ አጋደሙት።

«ያዢው» አሏት። «ለእኔ ከእንግዲህ አይሠራም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ወግተው አዩኝ። እፍኙ ነቀዝ ሆነ።»

እናቴ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። በዚያው ዕለት መጋዘኑን ለልጃቸው ለትዕግሥት ማስረከብ ጀመሩ፤ የትኛው ገበሬ ቃሉን እንደሚያከብር፣ የትኛው ደላላ ባልተጠየቀበት እንደሚምል፣ ክረምት ሲገባ የቱ ግድግዳ ውሃ እንደሚያስገባ። ያመማቸው ነገር አልነበረም። ቀኑን ሙሉ እንደ ወትሮው ጆንያ ሲያስወርዱና ሲቆጡ ነው የዋሉት። የሚናገሩት ግን ቀብሩ እንዳለቀ ሰው ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ በእህል ላይ የፈረዱበትን ሕግ በራሳቸው ላይ አዋሉት፤ እፍኙ ከተበላሸ ጆንያው የለም።

በማግስቱ እጃቸውን ይዛ የጎተተቻቸው እናቴ ናት። «ተመለሺ ያሉሽ ሊቀብሩሽ አይደለም» አለቻቸው። «ቀባሪ ጤና ጣቢያ አይሠራም።» እኔንም የሚባለውን የሚሰማ ሦስተኛ ጆሮ ይሁን ብላ አስከተለችኝ።

የተቀበለችን ነርስ ሲስተር ሐያት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል። እትዬ ደብሬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና በቀጥታ ገቡበት።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ ልጄ?»

«ለምኑ?»

«ለመሞት ነዋ።»

«እሱን እኔ ስለ ራሴም አላውቅም» አለች ሐያት። «ይህ ወረቀት ግን ካንሰር አለብዎት አይልም።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ ከብዙዎቹም ሰውነት ሳይታወቃቸው በራሱ ይጠፋል። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግን ይቆይና የማኅፀኑን በር ሴሎች በዝግታ ይለውጣል። የተለወጡት ሴሎች ካንሰር አይደሉም፤ ሳይታከሙ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ወደ ካንሰር ሊሄዱ ይችላሉ። ምርመራው የሚደረገው እዚያ ሳይደርስ፣ ሕመምም ሳይሰማ፣ ነገሩን ለመያዝ ነው። ውጤቱ ተለየ ማለት እንደገና በደንብ እንይ ማለት ነው እንጂ አለቀ ማለት አይደለም።

እትዬ ደብሬ ግንባራቸውን ቋጥረው ሰሙ። «ቆይ» አሉ። «ያያችሁት እርጥበት ነው እንጂ ነቀዝ አይደለም ማለትሽ ነው?»

ሐያት እህል አታውቅም፤ ወደ እናቴ ዞረች። እናቴም «እርጥበት የገባው እህል ነው ኋላ የሚነቅዘው» አለቻት። «ቶሎ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይድናል።»

«እንደሱ ነው» አለች ሐያት። «አሁን ደግሞ እርጥበቱ ፍሬውን ለውጦት እንደሆነ በዓይኔ ላየው ነው።»

«በምን ታዪዋለሽ?»

«የቀጠነ አቼቶ እቀባለሁ። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታየኛል።»

እትዬ ደብሬ ወደ እናቴ ዞሩ። «ሰላጣ ልታደርገኝ ነው» አሏት።

እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ጠበቅሁ። ሲወጡ የገቡት ሴት አልነበሩም። ነጭ ቦታ ታይቷል፤ ሐያት ትንሽ ስለሆነ እዚያው በሙቀት በሚሠራ መሣሪያ አክማቸዋለች። ትንሽ ቁርጠት ተሰምቷቸው አለፈ። «ፀሐይ ላይ አዋለችኝ» አሉኝ፤ ከሴት ነገሩ እሳቸው ራሳቸው የነገሩኝ ይህን ያህል ብቻ ነው። ገበያ እንደደረስን ብረታቸውን ከእናቴ መደብ አንስተው መቀነታቸው ላይ ሰኩት፤ ትዕግሥትንም «ምን ያስገትርሻል፣ ትምህርት የለሽም?» ብለው አባረሯት።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ሐያት በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ደጋግማ ነግራቸው ነበር። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን የተለወጠው ነገር ሊቀር ወይም ሊመለስ ስለሚችል ከዓመት በኋላ የግድ እንደገና መታየት አለባቸው። እትዬ ደብሬ «እሺ» አሉ። እሺ ማለታቸውን እርግጠኛ ነኝ። ከእሺው ቀጥሎ «ታይቶ፣ ደርቆ፣ ከተሰፋ በኋላ?» ብለው የጠየቁ ይመስለኛል፤ ሐያትም ስቃ «አዎ፣ ከተሰፋም በኋላ» ብላ የመለሰች ይመስለኛል። ይህን በእርግጥ ተባብለው ይሁን፣ ወይስ አሁን ከሞቱ በኋላ እኔ በአፋቸው የጨመርኩት ይሁን፣ ብዙ ቀን አስቤ መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ መጋዘናቸው የሴቶች መሰብሰቢያ ሆነ። ስንዴ ልትገዛ የመጣች ሴት ስለ ምርመራ ሳትሰማ አትወጣም። እትዬ ደብሬ ጆንያ ከፍተው፣ አፉ ላይ ያለውን ስንዴ በጣታቸው እየበተኑ፣ እርጥበት የቱ ጋ እንደሚጀምርና ነቀዝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ያሳያሉ። ተሸካሚዎቹ ከውጭ ሆነው ያሾፋሉ።

«እትዬ ደብሬ፣ እኛስ ፀሐይ አንውልም?»

«አንተማ ድሮ ነቅዘሃል፤ ዝም ብለህ ተሸከም።»

ከሁሉም ያስቸገሯቸው ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ቅመም የሚሸጡት ወዳጃቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ።

«ያላመመኝን ለምን ሄጄ እቀሰቅሰዋለሁ?» ይላሉ ዘይነባ።

«ሲያምሽማ ነቅዟል። እኔ የምልሽ ሳይነቅዝ ነው።»

«ወንድ ቢሆንስ የሚያየኝ?»

«ሐያት ናት አልኩሽ፤ የናንተው ልጅ። እኔን ክርስቲያኗን አቼቶ የቀባች አንቺን ማር ትቀባሻለች።»

ዘይነባ ሳቁ፤ የሳቀ ደግሞ በእትዬ ደብሬ ፊት ተሸንፏል። ሄዱ። የእሳቸውም ውጤት የተለየ ሆኖ ታከሙ። እናቴም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች፤ የእሷም ተለይቶ፣ ታክማ፣ በማግስቱ መደቧ ላይ ነበረች። የብዙዎቹ ምንም ሳይገኝበት ቀረ። ውጤቷ የተለየባት ሴት ግን ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት መጋዘኑ ጋ ትመጣለች፤ እትዬ ደብሬም ጉንጯን ይዘው «እርጥበት ነው፤ ነቀዝ አይደለም» ይሏታል። ያቺን ዐረፍተ ነገር ሰምተው ትከሻቸው ሲወርድ ያየኋቸው ሴቶች ፊት አሁንም ይታየኛል። አንዳንዶቹ ከሲስተሯ ይልቅ እሳቸውን ያምኑ ነበር። ያን ጊዜ ይህ መልካም ነገር ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ አንድ ትዝታ እመጣለሁ። ከሕክምናቸው ዓመት ካለፈ በኋላ እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጤና ጣቢያው በኩል ሲመለሱ አይቻለሁ። ፀሐይ ነበር። ገና ከሩቅ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ንጹሕ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እናቴም ከመደቧ ተነስታ ልትስማቸው ሄዳለች። ይህን ትዝታ ለዓመታት ይዤ ኖሬአለሁ። በሥራ ቦታም በቤተሰብም ስለ ምርመራ ወሬ ሲነሳ የእሳቸውን ታሪክ እናገራለሁ፤ ታሪኩ የሚያልቀው ሁልጊዜ በዚያ «ንጹሕ ነው» ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ባለፈው ክረምት ነው። እናቴን ልጠይቅ ሄጄ መጋዘናቸው ጎራ ስል ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እትዬ ደብሬ ሥራ ቦታ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

«ተማሪው፣ አሁንም አልጨረስክም?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ እኮ እትዬ፤ አሁንማ አስተምራለሁ።»

«እንግዲያ አልገባህም ማለት ነው፤ የገባው ሰው እዚያ ምን ይሠራል።»

ከስተዋል። ወገባቸውን ሲይዙ አይቼ «ምነው?» ስላቸው «የጆንያ ዕዳ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ያስጎነበሰኝ» አሉ። አመንኳቸው። የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ንጹሕ ነው ሲሉ ሰምቻቸዋለሁና።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ትዕግሥት ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች፣ ከጎኗ እናቴ፣ ከእናቴ ቀጥሎ እትዬ ዘይነባ። ከድንኳኑ ሴቶች አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጉንጫቸው የተያዘ፣ እርጥበት ነው የተባሉ ሴቶች ናቸው። ትዕግሥትን አጽናንቼ ከፊታቸው ቁጭ እንዳልኩ መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ ሳብሰለስለው የነበረውን ተናገርኩት።

«እንዴት ይሆናል? ተመልሰው ታይተው ነበር እኮ። ንጹሕ ነው ተብለው ነበር። እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እትዬ ዘይነባ ቀና አሉ።

«ንጹሕ የተባልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አልገባኝም።

«የዚያን ቀን የታየሁት እኔ ነኝ ልጄ። እሷ እኔን አጅባ ነው የሄደችው። ብቻዬን መመለሱን ፈርቼ ነበር፤ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሐያት በሩን ስትከፍት አየቻትና፣ ‹እትዬ ደብሬ፣ የእርስዎማ ቀጠሮ ካለፈ ቆየ፤ ቀጥለው ይግቡ› አለቻት። እሷም ‹የኔ ተሰፍቷል› አለቻት። ‹እጅሽን አምኜ ሄጃለሁ፤ ፍቺልኝ ብል አንቺን መስደብ ይሆንብኛል።› ሐያት ቀልድ መሰላት፣ ሳቀች። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ገብቼ እስክወጣ ደጁ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ንጹሕ ነሽ ስባል ከእኔ በላይ የተደሰተችው እሷ ናት፤ መንገዱን ሁሉ ‹ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው› እያለች ነው ያመጣችኝ።»

በትዝታዬ ውስጥ እትዬ ዘይነባ የሉም። እትዬ ደብሬ ብቻቸውን ናቸው፤ ነጠላቸው፣ ፀሐዩ፣ የተነሳው እጃቸው። ከጎናቸው የምትሄደውን ሴት እኔ አጥፍቻታለሁ። መቼ እንዳጠፋኋት አላውቅም። ዓመታት ሙሉ ሳወራው የኖርኩት ታሪክ የሌላ ሴት ታሪክ ነበር።

«ደም ማየት ከጀመረች ቆይታ ነበር» አለች ትዕግሥት ወደ መሬት እያየች። «የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ ማለቴ ነው። ደበቀችኝ። ልብሷን ራሷ ታጥብ ነበር። ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ እኔን ብቻዬን ጠራኝ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ አይተያዩም፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ የሆነ ነገር የምታስብ ትመስላለች። አንዷ ሳታስበው ይመስለኛል እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እኔ ስለ አግዳሚዋ ነበር የማስበው። ከአግዳሚዋ እስከ በሩ ያለው ርቀት ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሴትየዋ ለሰው ሁሉ የነገሩት፣ ሰው ሁሉ በእሳቸው ቃል የገባበት ክፍል ከጀርባቸው ነበር፤ በሩም ተከፍቶ ግቡ ተብለዋል። ያላስገባቸው ፍርሃት አልነበረም፤ ጨዋነት ነበር። ካመኑት ሰው እጅ የወጣን ነገር ዳግም ፍቱልኝ ማለት በእሳቸው ዓለም ነውር ነው። የአዳማውን ነጋዴ ጭነት ያስወረዱት ሴት ራሳቸው እንደ አዳማው ነጋዴ መሆን አልቻሉም።

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና እስክንነሳ ድረስ አላወረደችውም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እናቴ በመስኮት በኩል የሚዘጉትን ሱቆች ስታይ ቆየችና፣ ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀችኝ።

«ነገ ሥራ ትገባለህ?»

«ለምን እማዬ?»

«ጤና ጣቢያ አብረኸኝ እንድትሄድ።»

«ምነው፣ አሞሻል?»

«አላመመኝም።» መቀነቷን በጣቷ ታጥፈውና ትዘረጋው ነበር። «የኔም ተሰፍቶ ነው።»

ረዳቱ ሒሳብ ሲል ሰምቼ እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

«ቀጠሮዬ ሲደርስ ልሄድ ተነስቼ ነበር» አለች። «ደብሬ ናት ‹አንዴ አክማሽ የለም ወይ፤ ምን ልትያት ትመለሻለሽ፣ ልጅቷን ታሳፍሪያታለሽ› ያለችኝ። እውነቷን መሰለኝ። እኔም ነጋዴ አይደለሁም እንዴ?»

በማግስቱ ማለዳ ሄድን። ሐያት ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረች ቆይታለች፤ በቦታዋ የማናውቃት ወጣት ነርስ አለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እንደ ተማሪ ተናገረች። «ከዓመታት በፊት ታክሜ ተመለሺ ተብዬ ነበር፤ አልተመለስኩም» አለቻት።

ነርሷ አልተቆጣቻትም። «ዛሬ ተመልሰዋል አይደል እማማ፤ ይግቡ» አለቻት።

አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩ። ያችው አግዳሚ መሆኗን አላውቅም፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ተቀይራም ይሆናል። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ የእትዬ ደብሬን ሻሽ ቀለም ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። በቅጡ ሳልቀመጥ በሩ ተከፈተ።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ብድግ ብዬ።

«ለዓይን የሚያስፈራ ነገር አላየሁም አለች። ናሙና ወስዳለች። ውጤቱ ሲመጣ እንደውልልዎታለን፣ ተለየም ቢሆን አይደንግጡ አለችኝ።»

«እንሂድ እንግዲያ።»

አልሄደችም። ነጠላዋን አስተካክላ እኔ ከተነሳሁበት ላይ ቁጭ አለች፤ የተዘጋውን በር ታየው ጀመር።

«ይኸው ነበር?» አለች።

«ምኑ?»

«ይህችው አጭር ምርመራ ናት እንዴ የቀረችባት? ደብሬ እዚህ ተቀምጣ ዘይነባን የጠበቀችው ከዚህ ይረዝማል።»